የግሪኩ ቤት ቁራኞች

ሰው ሌሊት ያስፈራል ይላል። እኔ ግን የፈራሁትን ሁሉ የፈራሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። አዳማ ላይ ስድስት ሰዓት ሲሆን ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ምላሱን አውጥቶ ይተኛል። መንገዱ ላይ ሰው ይጠፋና ነፋሱ አቧራውን እያሽከረከረ ብቻውን ይሄዳል። እናቶቻችን ቀትር ላይ የሚዞር ወይ ጋኔን ነው፣ ወይ ጋኔን የጠራው ነው ይሉ ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት አገልግሌን አንጠልጥዬ ወደ ግሪኩ ቤት እሄድ ነበር።

ነገሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የሆነ ነው። ባለቤቴ ኃይለየሱስ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ነበር። ድሬዳዋ የተሻለ ሥራ ተሰጥቶት ጓዛችንን ሸክፈናል፤ አልጋችን እንኳ ተፈትቶ በገመድ ታስሯል። ከመሄዳችን በፊት አዋሽ ዳር የሚያርሰውን ወዳጁን ሰንበታን ልሰናበተው ብሎ በጠዋት በቅሎውን ጭኖ ወጣ። ማታ በቅሎዋ ብቻዋን ሰንበታ አጥር ሥር ቆማ ተገኘች፤ ኮርቻው ላይ ደም ነበር። ባለቤቴ ግን የለም። ሸምበቆውን አስሰን፣ ገደሉን ወርደን፣ ውሃውን በረጅም እንጨት ወግተን አጣነው።

ሰንበታ ቀኑን ሙሉ እንግዳዬን ስጠብቅ ዋልሁ፣ የመጣችው በቅሎዋ ብቻ ናት አለ። ማን ይመነው? እኔ ራሴ አላመንሁትም። አዞ ይሆናል ያሉም ነበሩ፤ ወንድሜ ሐዲስ ግን አዞ ኮርቻ ላይ ወጥቶ ሰው አያወርድም ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው።

የኔን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ለቅሶ አይደለም። ሰው ምን ላይ ይወድቃል? ቄሱም አፈር ያልቀመሰን ሰው ለመፍታት አመነቱ። እኔም ሞቷል ብዬ ጥቁር ለብሼ፣ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ደግሞ እሱ ነው ብዬ እነሣለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አጥንቱን አግኝቼ መቅበር። ገዳዩ ቢሰቀልም ባይሰቀልም፣ የት እንደጣለው ይንገረኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ለኔ ትርፍ ነበር።

ሐዲስ ታላቄ ነው። በፈንጣጣ አባትና እናታችን ባንድ ሳምንት ሲያልቁ እሱ ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ፣ እኔ ነፍስ ያላወቅሁ ሕፃን ነበርሁ። አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ሳያገባ ቀረ፤ እኔ ሳገባ ጓሯችን ጥግ ጎጆ ቀልሶ ተጠጋን። የድሬዳዋ ነገር ሲነሣ እንደ ሕፃን አልቅሶ ነበር፣ እኔም የፍቅሩን ብዛት አይቼ አብሬው አለቀስሁ። ኃይለየሱስ ሲጠፋም ከሳሽ ሆኖ የቆመልኝ እሱ ነው፤ የባሌ ወገኖች ሩቅ መንዝ ናቸውና ሌላ ወንድ አልነበረኝም።

የዛሬ ልጆች ቁራኛ ሲባል እንዲያው ለአነጋገር ይመስላቸዋል። ያኔ እውነተኛ ሰንሰለት ነበር። በደም ነገር ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እጅ ለእጅ ይቆራኛሉ። አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ይነሣሉ፣ ሜዳም ሲወጡ አንዱ ሌላውን ጎትቶ ነው። አንዱ እንዳይጠፋ ሌላው ዘበኛው ነው። ዳኛው በዚያ ወር አዲስ አበባ ተጠርተው ነበርና፣ የወኅኒውንም ጣሪያ ነፋስ ገልጦት ነበርና፣ ሐዲስንና ሰንበታን ቆራኝተው ግሪኩ ቤት አስገቧቸው።

ግሪኩ ነጋዴ ነበር። ከጣቢያው ወዲያ፣ ቤት ያለቀበት ቦታ ላይ፣ በጥቁር ድንጋይ ያሠራው ቤት ነው። ሚስቱ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ በንዳድ ሞተችበት። የክፍሉን በር በምስማር መትቶ፣ ዕቃውን ጥሎ፣ በባቡር ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የሚከራየው ጠፋ። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀትር ላይ ሲግል ይጮኻል፤ አንድ ሰው ላዩ ላይ እየተራመደ ይመስላል። መስኮቶቹ ተዘግተው ከርመው አንከፈትም ስላሉ ውስጡ ጨለማ ነው። ከፀሐይ ስትገቢ ዓይንሽ ይጠፋል፣ መጀመሪያ የሚቀበልሽ የሰንሰለት ድምፅ ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁለት ሰዎች ይታዩሻል።

ዘበኛው ኢተፋ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ለሰላምታ «አካም» ብሎኝ በሩን ይከፍትልኛል እንጂ እግሩን አያስገባም። የሞተችው ሴት በቋንቋዋ ስትጣራ ሰምቻለሁ ይላል። እኔ ሳቅሁበት። ሳቄ ግን ደጃፉ ድረስ ብቻ ነው የሚያደርሰኝ።

ምሳ የማቀብለው ለወንድሜ ብቻ ነው። ይህን ማንም አይነግረንም፣ ከጡት ጋር የጠባነው ነው፦ ደም ያለባቸው ሰዎች ካንድ ገበታ አይቆርሱም። የገደለ ሰው ደግሞ የሟቹን ቤት እህል አይቀምስም፤ ከቀመሰ ሆዱ ተነፍቶ፣ ደም እየተፋ ይሞታል። ስለዚህ ሐዲስ የኔን አገልግል ይቀበላል፣ ሰንበታ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሱን የምትቀልበው እናቱ ናት፤ ከወንዝ ዳር በስልቻ ጩኮ ትልክለታለች፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸው ስለማይበላሽ ለብዙ ቀን ይሆነዋል።

ሰንበታን ቀና ብዬ አላየውም፣ አላናግረውም፤ ደመኛዬ ነው። ሳላየው ግን እያየኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ረጅም፣ አጥንታም ሰው ነው፤ ባንድ ዓይኑ ላይ ነጭ ጠብ ብሎበታል። እኔ ስገባ ያ ዓይን እኔ ላይ ይተከላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ተቸነከረው በር ይዞራል፤ ከዚያ ተመልሶ እኔ ላይ። በየቀኑ እንዲሁ። አፉን ሊከፍት ሲል ወንድሜ ሰንሰለቱን ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ይዘጋል። ቤቴ ተመልሼ ዓይኔን ስጨፍን ያ ዓይን ይመጣብኛል።

ሐዲስ ግን ደህና ነበር። አገልግሉን ሁልጊዜ ባዶውን ይመልስልኛል፤ ፍርፋሪ እንኳ የለበትም። ነፍስ ይማር፣ እናታችን ብታይ ደስ ባላት አልሁ። በርቺ አሰሉ፣ አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ምን ይነካሻል ይለኛል። በታሰረ እጁ ራሴን ይዳብሰኛል፤ የሰንበታም እጅ አብሮ ይነሣና ትከሻዬ አጠገብ ይንጠለጠላል።

ሽታው የጀመረው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። መጀመሪያ እንደ እርጥብ ቆዳ ነበር። ሐዲስን ስጠይቀው አይጥ ሞታ ነው አለኝ። እየዋለ እያደረ ግን ጉሮሮ የሚይዝ ሆነ። ከተቸነከረው በር ነው የሚመጣው፤ የበሩ የላይኛው ሳንቃ ወልቆ ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፣ በዚያ ዝንብ ይገባል ይወጣል። ኢተፋም ጅቦቹ በጀርባ በኩል መጥተው ግድግዳውን ሲቧጥጡ ያድራሉ አለኝ። ጅብ የሚፈልገውን ያውቃል ብሎ ደግሞ ጨመረበት። እሱስ ምን ቸገረው።

በዚያ ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ተቀመጥሁ። ነገሩ በራሴ ውስጥ ተገጣጥሞ ነበር። ቤቱ ኦና ነው፣ ሰው አይደርስበትም፤ ሰንበታ ባሌን ገድሎ ከዚያ ሌላ የት ይደብቀዋል? ለዚህ ነው ዓይኑ ከዚያ በር የማይነሣው። እኔ አዋሽን በእንጨት ስወጋ ኃይለየሱስ እዚህ፣ ምሳ ከማቀብልበት ቦታ አንድ ሳንቃ ብቻ ለይቶን ተኝቷል። ፈራሁ። ላገኘው የተመኘሁትን ሰው ላገኘው ነው ብዬ ፈራሁ፤ ምን መስሎ ይጠብቀኛል ብዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ለሐዲስ በጆሮው ነገርሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሬሳ የወጣበት ክፍል ተዘግቶ የኖረ አይከፈትም፣ አንቺም ሟቿን ተከትለሽ ትሄጃለሽ፣ ዳኛው እስኪመጡ እንዳትነኪው አለኝ። እጄን ጨብጦ አስማለኝ። ለኔ የፈራልኝ መሰለኝ።

ማልሁ እንጂ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ቀን ሰዓቱ ሳይደርስ ወጣሁ። ኢተፋ እያጉረመረመ ከፈተልኝ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ቆምሁ፤ የሰንሰለት ድምፅ የለም። ሐዲስ ሙቀቱ ጥሎት፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ጢሙ ላይ የጩኮ ፍርፋሪ አለ። ከንፈሩ በቅቤ ወዝቷል። የሰንበታ ስልቻ በሁለቱ መካከል ተከፍቶ ተቀምጧል፤ የሁለቱም እጅ ውስጡ እንደገባ ያስታውቃል።

መጀመሪያ ያሰብሁት ሞኝነት ነው፦ ርቦት ይሆናል፣ እኔ ዘግይቼ ይሆናል። ግን ቀድሜ ነው የመጣሁት። ደግሞስ ርቦትም ቢሆን! የእህቱን ባል ከገደለ ሰው ስልቻ እንዴት አድርጎ ይዘግናል? እጁስ እንዴት ይታዘዝለታል?

ሰንበታ ተናገረ። ከታሰረ ወዲህ ድምፁን ገና መስማቴ ነው፤ ለስላሳ ነበር፣ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚናገር ሰው።

«ኦቦሌቲ፣ እህቴ፣ እህልሽን ማን እንደሚበላው እዪ» አለኝ። በአገጩ በሩን አሳየኝ።

ወጥቼ የኢተፋን ጦር ከእጁ ነጠቅሁት። ሽማግሌው ተከትሎኝ እስከ ደጃፉ መጣና ቆመ። የጦሩን እግር በሳንቃው ሥር አስገብቼ ሳነቃንቀው ምስማሩ ጮኸ፤ ሐዲስ ነቃ። አሰሉ፣ ተዪ አለኝ። ተነሥቶ ወደኔ ተወረወረ። ሰንበታ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ሰንሰለቱን ያዘ። ወንድሜ በአንድ እጁ ተጎትቶ፣ ሌላውን ወደኔ ዘርግቶ፣ ጣቶቹ ቀሚሴን ሊነኩ ስንዝር ሲቀራቸው ቆመ። ያን የተዘረጋ እጅ ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜን ፈራሁት።

በሩ ወደኔ ወደቀ። ሽታው መጣ፣ ዝንቡ መጣ። አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ አየሁ።

ሬሳ አልነበረም። ምሳዬ ነው። የትላንቱ፣ የትላንት ወዲያው፣ ያለፈው ሳምንት፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደፋ ከጉልበቴ ከፍታ ያለፈ ክምር ሆኗል። ከላይ ያለው እንጀራ ገና እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም፤ የኔ አጣጠፍ ነው፣ አወቅሁት። ከሥሩ ያለው ጠቁሮ ይንቀሳቀሳል፤ ትል ነው የሚያንቀሳቅሰው። አንዲት ጉርሻ የጎደለችበት የለም።

እናንተ፣ ሬሳ ባገኝ ይሻለኝ ነበር። ሬሳ ቢሆን ወድቄበት አለቅስ ነበር። ያን ክምር ሳይ ግን የለቅሶው ቀን በዓይኔ መጣ። ሐዲስ ወገቡን ታጥቆ ሳህን እየዞረ፣ ብሉ፣ አፈር ስሆን ብሉ እያለ፣ እዝንተኛውን ሁሉ ሲያበላ። ሲበላ ያየው ግን የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴ ውሃ እንኳ አልጠጣም፤ አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ጥርሴን ይል ነበር፤ እኔም የኀዘኑ ብዛት ነው ብዬ ለጎረቤት አወራሁለት።

ዞርሁ። ሐዲስ እጁን አውርዶ ቆሟል።

«ጨው በዝቶበት ነው አሰሉ» አለኝ።

ዕድሜ ልኩን ወጥሽ ጨው ያንሰዋል ሲለኝ የኖረ ሰው ነው።

ዳኛው ሲመለሱ ችሎቱ ሾላው ሥር ተሰየመ። ተናገርሁ፤ ኢተፋም ያየውን መሰከረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ነገር የማያስቸኩሉ ሰው ናቸው። የጓዳ ነገር ለፍርድ አይበቃም አሉኝ፣ እህል መድፋት ሰው መግደል አይደለም። ወዲያው ግን አንድ ሰው ወደ ቤቴ ልከው፣ ከሌማቴ አንድ እንጀራ፣ ከድስቴ ጭልፋ ወጥ አስመጡ። ሐዲስ ፊት አስቀመጡለት።

«ይኸው፣ የእህትህ እህል ነው። ብላና ነገሩ ይለቅ» አሉት።

ሾላው ሥር ነፋሱ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ሐዲስ ሳቀ። እጁን ታጠበ፣ ቆረሰ፣ ጠቀለለ። ብላው አልሁ በልቤ፤ የኃይለየሱስን ነገር እንኳ ረስቼ፣ ብላው ጋሼ፣ ብላውና ቤታችን እንሂድ አልሁ። ጉርሻውን እስከ አፉ አደረሰው። እዚያ ሲደርስ እጁ ቆመ። ከግንባሩ ላብ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገባ። ወጡ በክንዱ ላይ ወረደ። ከንፈሩን አላላቀቀም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ ሳህኑ ላይ መለሰው።

የሰንበታ እናት ከወደ ኋላ እልልታ ጀምራ መሐሉ ላይ ለቅሶ ሆነባት።

የሰንበታን ሰንሰለት ፈቱለት። እጁን እያሻሸ ባጠገቤ ሲያልፍ ቆም አለ። ይቅርታ ሳልለው እናቱን ደግፎ ሄደ። ማን ይፈርድበታል?

ዳኛው ይህም ቢሆን ለስቅላት አይበቃም አሉ። ሬሳ የለም፣ ያየ የለም፣ አፉን ዘግቷል። ለሰንሰለት ግን ይበቃል። ያየ ይኖር እንደሆን ከወንዙ ማዶ ያሉ ሰዎች ለምስክርነት ተጠርተው እስኪመጡ ክሱን የሚያቆም፣ የሚቆራኝ ሰው ያስፈልጋል። የሟች ወገን ማን አለ ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ አልሁ። ወንድ አሉኝ። የነበረኝ ወንድ እሱ ነው አልሁና በጣቴ አሳየኋቸው። የመንዝ ወገኖቹ እስኪመጡ ይቆይ፣ አለዚያ ይለቀቅ የሚል ነገር ተነሣ። ይለቀቅ ሲባል ሐዲስ ቀና ብሎ አየኝ። ከተለቀቀ ኃይለየሱስ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ አንድ አፍ ከአገር ይጠፋል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እጄን ዘረጋሁ።

ዳኛው ብዙ ካመነቱ በኋላ ለወታደሩ በራሳቸው ምልክት ሰጡት። ብረቱ ለወንድ የተሠራ ነውና በእጄ ላይ ሰፋ፤ በጨርቅ ጠቅልለው አጠበቡት። ገና የሰንበታ ሙቀት ነበረበት። ከፈራሁት ሁሉ የዚያን ሰዓት ፍርሃት የሚያህል አላየሁም፤ ጥርሴ እርስ በርሱ ሲጋጭ ሰዉ ሁሉ ይሰማል። ሐዲስ ግን ፊቱ ተፈቶ ነበር። ባሌ ድሬዳዋ ልንሄድ ነው ካለበት ቀን ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ ቀትር ነው። ኢተፋ ከፊታችን፣ እኛ ከኋላ። ጣቢያውን እንዳለፍን ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ጋሼ፣ የት ነው ያደረግኸው፣ አጥንቱን ብቻ ስጠኝ አልሁት። ሰንሰለቱን አንድ ዙር በእጁ ላይ ጠቀለለና ወደ ራሱ አስጠጋኝ፤ ትከሻዬ ክንዱን ነካ።

«እነግርሻለሁ» አለኝ፣ ልጅ ሆኜ ስታመም ሲያባብለኝ በነበረው ድምፅ። «ምን አስቸኮለሽ? እንግዲህ አብረን ነን።»

ኢተፋ የግሪኩን ቤት በር ከፈተልን፤ ገባን።